የሼርፖይንት ሥራን በራሱ የሚያስኬድ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

የግዢ ጥያቄ ከሠራተኛው ወደ ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ፋይናንስ በራሱ እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ እንበል። መሥሪያ ቤታችሁ ሼርፖይንት (ሰነድና መረጃ በጋራ የሚያዝበት የማይክሮሶፍት መድረክ) ይጠቀማል። የትኛው መሣሪያ ይሻላል? በማስታወቂያ አትወስኑ። አንድ እውነተኛ ሥራ ስጡትና ፈትኑት።

መጀመሪያ ያረጀውን አውጡ። በሼርፖይንት ዲዛይነር (በቆየው የማይክሮሶፍት መሥሪያ ፕሮግራም) የሚሠሩት የ2013 ዎርክፍሎዎች፣ ማለትም በራሳቸው የሚሄዱ የሥራ ሂደቶች፣ በማይክሮሶፍት 365 ላይ የሚያበቁበት ቀን ተብሎ የተወሰነው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2026 ነው። የ2010ዎቹ ከዚያ በፊት ቀርተዋል። እዚህ የማወዳድረው ሁለት ሥራን በራሱ የሚያስኬዱ መሣሪያዎችን ነው፤ የማይክሮሶፍቱን ፓወር አውቶሜትን (እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ፍሎው ይባል ነበር) እና የሌላ ድርጅት የሆነውን ኒንቴክስን።

ቀጥሎ ሂደቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ማን ይጠይቃል? ማን ያጸድቃል? ኃላፊው ዓመት ፈቃድ ላይ ቢሆንስ? ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ሥራ የሚቆመው ግን እዚያ ላይ ነው።

አሁን ያንኑ ሂደት በሁለቱም ሥሩት። የሚሠራው ሻጩ ሳይሆን ነገ የሚጠግነው የእናንተ ሰው ይሁን።

መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ በደንብ ፈትሹ። ፓወር አውቶሜት ላይ አንድ ፍሎው (በመሣሪያው የተሠራ አንድ ሂደት) አንዴ ከተነሳ ከ30 ቀን በላይ አይቆይም። ኃላፊው እስከዚያ ካልመለሰ ጥያቄው መንገድ ላይ ይቀራል። የሥራው ታሪክም የሚታየው ለ28 ቀን ብቻ ነው። ኦዲተር ከስድስት ወር በኋላ «ማን አጸደቀው?» ቢል ምን ታሳያላችሁ? ስለዚህ ውሳኔውን፣ ቀኑንና የአጽዳቂውን ስም ሼርፖይንት ሊስት (የመረጃ ሠንጠረዥ) ላይ መዝግቡ። በየቀኑ የሚነሳ ሌላ ፍሎው ደግሞ ያልተመለሱትን ያስታውስ። ኒንቴክስንም በዚሁ ጥያቄ ያዙት።

ዋጋ ላይ ኮኔክተሮቹን፣ ማለትም ፍሎውን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኙትን፣ ቁጠሩ። ሼርፖይንት፣ አውትሉክና ቲምስ ከብዙዎቹ የማይክሮሶፍት 365 ጥቅሎች ጋር ይመጣሉ። የኤስኪውኤል ሰርቨር (የመረጃ ቋት) ኮኔክተር ግን ፕሪሚየም ነው፤ ተጨማሪ ላይሰንስ ያስከፍላል። ኒንቴክስ ለብቻው ይገዛል። ሥራችሁ ከማይክሮሶፍት 365 የማይወጣ ከሆነ፣ እኔ በፓወር አውቶሜት ጀምሩ እላለሁ።

በመጨረሻ ሆን ብላችሁ አበላሹት። የአጽዳቂውን አካውንት ዝጉና ስህተቱ ለማን እንደሚደርስ እዩ። ፍሎውን የሠራው ልጅ ሥራ ቢለቅ ግንኙነቱ በስሙ ስለሆነ ሊቆም ይችላል። ከወዲሁ ሁለተኛ ባለቤት ጨምሩበት፤ ግንኙነቱንም በመሥሪያ ቤቱ የጋራ አካውንት አድርጉት።