ሙከራችሁን ስትነድፉ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት የሥነ ልቦና ተማሪዎች ብዙዎቹ መጠይቁን ጽፈው ጨርሰው ነው በሬን የሚያንኳኩት። እኔ ግን መጠይቁን ከመግለጤ በፊት «ምን ትለውጣለህ? ምንስ ትለካለህ?» እላለሁ። የምንለውጠው ነጻ ተላውጦ፣ የምንለካው ጥገኛ ተላውጦ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ መናገር ካልቻላችሁ ሙከራው ገና አልተነደፈም።

ሁልጊዜ የማነሳው ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ለ45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ የሚታይባቸው አጫጭር ፊልሞች አሳዩና የመኪኖቹን ፍጥነት እንዲገምቱ ጠየቋቸው። ጥያቄው ለሁሉም ያው ነው፤ የሚለያየው አንድ ግስ ብቻ ነው። ኃይለኛ መላተምን የሚገልጸው ግስ የደረሳቸው በአማካይ በሰዓት 40.5 ማይል ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» እንደማለት ያለው የደረሳቸው 31.8 ገመቱ። ነጻ ተላውጦው ግሱ፣ ጥገኛው የግምቱ ቁጥር ነው። ፊልሙ አልተነካም፤ ከአንዲት ቃል በቀር ጥያቄውም አልተነካም። ይህን ጥናት የምወደው ለዚህ ነው።

እኔ በሁለተኛ ዲግሪዬ ይህን አላደረግሁም። አዲስ የማንበብ ዘዴ ለጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች አስተማርኩ፤ የከሰዓት ፈረቃዎቹን የቁጥጥር ቡድን፣ ማለትም ዘዴውን ሳይማሩ ለማወዳደሪያ የሚያገለግሉ፣ አደረግኋቸው። የጠዋቶቹ ውጤት በልጦ ሲገኝ በጣም ተደሰትኩ። ፈታኜ ግን «በዘጠኝ ሰዓት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያነብ ልጅ ከጠዋቱ ልጅ እኩል ይነቃል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዘዴው ጋር ፈረቃውም አብሮ ተለውጦ ነበርና ልዩነቱን የትኛው እንዳመጣው መለየት አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ቡድን በዕጣ መድቡ። ተሳታፊዎቹ 40 ከሆኑ 40 እኩል ወረቀት ቁረጡ፤ በ20ው ላይ «ሀ»፣ በ20ው ላይ «ለ» ጽፋችሁ ሁሉንም በአንድ ዓይነት እጠፉ፤ ቆብ ውስጥ አገላብጡና እያንዳንዱ ሳያይ አንድ ያውጣ። ከፊት የተቀመጡትን ለአንዱ ቡድን፣ ከኋላ ያሉትን ለሌላው መስጠት ዕጣ አይደለም። ከፊት የሚቀመጥ ልጅ በሌላም ነገር ሊለይ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ክፍል መበተን ካልፈቀደ ሥራችሁ ከፊል ፍትነታዊ፣ ማለትም ቡድኑ በዕጣ ያልተመደበበት ሙከራ ነውና በዚያው ስም ጥሩት፤ ሁለቱን ክፍሎች ከአንድ ፈረቃ ውሰዱ፤ ቅድመ ፈተናም ስጡ።

«ጭንቀትን እለካለሁ» ማለትም አይበቃም፤ በየትኛው መጠይቅ፣ በስንት ነጥብ እንደሆነ ጻፉ። ያንኑ ሰው በሁለቱም ሁኔታ የምትፈትኑ ከሆነ ግማሾቹ በአንዱ፣ ግማሾቹ በሌላው ይጀምሩ፤ አለዚያ ልምምድና ድካም ውጤቱን ያዛቡታል።

የወላጆችን ፈቃድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ። ከዚያ መጠይቁን ከዋናው ጥናት ውጪ ባሉ አምስት ልጆች ላይ ሞክሩት። አንዱ እጁን አውጥቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» ያለበትን መስመር ምልክት አድርጉና በዚያው ምሽት እንደገና ጻፉት።