ደንገሉን ሳይጎዱ እምቦጭን እንዴት መንቀል ይቻላል?

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የዳር ገበሬ ስንት ጊዜ ነቅሎታል፤ እሱም ስንት ጊዜ ተመልሷል። ለመመለሱ ከአረሙ ብርታት ባልተናነሰ አነቃቀላችንም ጥፋት አለበት ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ለዩት። ደንገልና ፊላ ሥራቸውን ጭቃ ውስጥ ሰደው ይቆማሉ፤ እምቦጭ ግን ይንሳፈፋል። የቅጠሉ እጀታ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ሥሩ ጥቁር ጺም የመሰለ፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ አበባው ውበት ነው።

ከማበቡ በፊት ድረሱበት። አበባው ሲጠወልግ ዘንጉ ወደ ውሃው ይጎነበስና ዘሩን ያራግፋል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ሲጎድል ባሕር ሸሹ ላይ የሚወጣውን ቡቃያ ገና በለጋነቱ መልቀም ከሁሉ ይቀላል።

ውሃ ውስጥ ስትገቡ ረጅም የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጉ፤ አልቅትም ቢልሃርዚያም አለ። ጉማሬ የሚውልበትን ቦታ ሳትጠይቁ አትግቡ።

ማጭድ አታንሡ። እናቲቱ ልጆቿን የምታወጣው ወደ ጎን በምትዘረጋው ቅርንጫፍ ስለሆነ፣ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ሌላ እናት ይሆናል። የተንሳፈፈውን በገመድ ወይም በመረብ ከብባችሁ ወደ ዳር ሳቡና ከነሥሩ አውጡት።

ደንገሉ መሐል ስትደርሱ ግን በእጅ፣ በቀስታ። ማዕበል የገፋው እምቦጭ የደንገሉን ቡቃያ ተጭኖ ብርሃን ነሥቶት ታገኙታላችሁ። ተናድዶ ሁሉንም አብሮ ማጨድ የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ብቻ አይደለም፣ ከማሳ የሚወርደውን ደለልና ማዳበሪያ የሚያስቀር አጥር ነው። እምቦጭ የሚፋፋው ደግሞ በዚያው ማዳበሪያ ነው። ደንገሉን ስታነሡ መኖውን ትለቁለታላችሁ።

የወጣውን በቃሬዛ ተሸክማችሁ የክረምት ውሃ ከማይደርስበት ላይ ከምሩት። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ግን ይቀልላል። ያኔ አቃጥሉት። ያበበውን ለማዳበሪያ ብሎ ማሳ ላይ መበተን ዘሩን መዝራት ሊሆን ይችላል።

በሳምንቱ ተመለሱና የቀረውን በእጃችሁ ልቀሙ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናልና፣ ከዘገያችሁ እንደገና ቃሬዛ ትፈልጋላችሁ።