ፍሬን ስትይዙ ተጎታቹ ከገፋችሁ፦ የኤሌክትሪክ ፍሬን ችግርና መፍትሄ

ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ተጎታቹ ከኋላ ገፋ ካደረጋችሁ ለነገ አታሳድሩት። መሃል ከተማ ውስጥ ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንክና የምግብ መሸጫ የተጫነባቸውን ተጎታቾች ብዙ ሠርቻለሁ። ብልሽቱ አሥር ዓይነት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ነው። ፊውዝና አምፖል አይታችኋል፣ የፒክአፑም ባትሪ ደህና ነው ብዬ ልቀጥል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ሹፌሩ ጋ ያለው ኮንትሮለር ወደ ተጎታቹ ጎማዎች ኤሌክትሪክ ይልካል። ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቅና ክንዱን ይጎትታል፤ ክንዱ ደግሞ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ይከፍታል። አምፔሩ ካነሰ ማግኔቱ ይሰንፋል፣ ፍሬኑም አይይዝም።

ኮንትሮለሩ ሙሉ ኃይል ያሳያል፣ ተጎታቹ ግን አይይዝም

ማሳው ነው። ኤሌክትሪኩ ከማግኔቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚሄደውን ሽቦ ያያል፣ የሚመለሰውን ማንም አያይም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ጄኔሬተር የጫነ ተጎታች ይዘው መጡ። ኮንትሮለር ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። "ልጄ፣ ሦስተኛ ልግዛ ወይ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ብርዎን ያስቀምጡት" አልኳቸው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የፒክአፑ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተጎታቹ ሻሲ ላይ አደረግኩ። ረዳቴ የኮንትሮለሩን የእጅ መጫኛ እስከ መጨረሻው ያዘ። 4 ቮልት አነበበ! ማግኔቱ ማግኘት የነበረበት 4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የማሳውን ሽቦ፣ ነጩን፣ ተከትዬ ሄድኩ። ሻሲው ጋ የታሰረው ቀለም ላይ ነው። ከቡሎኑ ስር ዝገት ብቻ! ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት፣ የሽቦውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ተርሚናል አደረግኩለት፣ አጥብቄ አስሬ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። እንደገና ስንለካ 0.2 ቮልት ሆነ። ኮንትሮለሮቹ ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ልኬት የሚሠራው ፍሬኑ በእጅ መጫኛው ተይዞ፣ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ እያለ ብቻ ነው። ዝም ብሎ የቆመ ሽቦ ላይ ቴስተር ብታደርጉ የተበላሸውም ደህና መስሎ ያታልላችኋል። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ማሳውን ሥሩ። ለማረጋገጥ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ተጎታቹ ሻሲ ወፍራም ሽቦ ለጊዜው ዘርጉ። ፍሬኑ በአንዴ ከነቃ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ነጩ ሽቦ ጨርሶ ተበጥሶም ፍሬኑ አንዳንዴ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ በመጎተቻው ኳስ በኩል ስለሚመለስ ነው። ጉድጓድ ላይ ነጠር ሲል ግን ይቋረጣል። "ጠዋት ይይዛል፣ ከሰዓት አይይዝም" የሚሉኝ ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ኳሱን ማሳ አድርጎ መሥራት ነፍስ በግራሶ ላይ ማንጠልጠል ነው። ግራሶ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

በጣም የሚያናድደኝ የቤት ሽቦ ነው። ባለ 1.5 ነጠላ የመዳብ ሽቦ ለግድግዳ እንጂ ለሻሲ አይሆንም። በንዝረት ይሰበራል፤ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ይበጠሳል። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክር ያለው፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግዙ። ነጩም እንደ ፍሬኑ ሽቦ ይወፍር። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ይቅር። ክረምት ላይ ናስትሮው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ርካሹን ስፒናም አታምጡ። እግሩ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሲነቀልና ሲሰካ ይላላል።

ማሳው ደህና ሆኖ ካልያዘ ማግኔቶቹን ለኩ። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ታምቡር ከሆነ አንዱ ማግኔት 3 ኦም አካባቢ ያነባል፣ 3 አምፔር አካባቢም ይስባል። ሁለት ጎማ 6፣ አራት ጎማ 12 ማለት ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፣ ዜሮ ካነበበ ተቃጥሏል። ጠመዝማዛው መዳብ ፊቱ ላይ ከታየ አልቋል፤ ይቀየር።

ፍሬኑ ጨርሶ ዝም ይላል

አሜሪካ የተሠራ ተጎታች በአውሮፓ አሠራር ከተዘረጋ ፒክአፕ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ጣጣ ነው። ሁለቱም ባለ 7 እግር ናቸው፣ ግን እግሮቹ አንድ አይደሉም። በአሜሪካው ሰማያዊ ሽቦ ፍሬን ነው። በአውሮፓው ሰማያዊ የኋላ የጉም መብራት ነው። አንድ ልጅ ሰማያዊን ከሰማያዊ አገናኝቶ ነበር፤ ተጎታቹ የሚይዘው የጉም መብራት ሲበራ ብቻ ነው! ከኮንትሮለሩ የራሱን ሽቦ አውጡና የአሜሪካውን ሶኬት ግጠሙ። ቀለም አትመኑ፣ በቴስተር አረጋግጡ።

ባለ 12 ቮልት ተጎታች ባለ 24 ቮልት ኢሱዙ ላይ አትሰኩ። ማግኔቱን ታቃጥሉታላችሁ።

አንድ ጎማ ብቻ ይይዛል ወይም ይጨሳል

ጎማውን አንሱና የሸራውን ማስተካከያ እስኪነካ አጥብቁ፣ ከዚያ ትንሽ እየነካ በነፃ እስኪዞር መልሱ። ሸራው ግራሶ ከጠጣ በቤንዚን ማጠብ አይጠቅምም። ሙቀት ሲያገኝ ግራሶው ይመለሳል። የሚያፈሰውን ዘይት መከላከያ ቀይሩ፣ ሸራውን የቀኝም የግራም አብራችሁ ቀይሩ። አቧራውን በአየር አትንፉ፣ ለሳንባ መርዝ ነው። ሁሉም ጎማ ከጨሰ ተጎታቹ ቢላቀቅ ፍሬን የሚያስይዘውን ማብሪያ እዩ፤ ፒኑ ወጥቶ ይሆናል። ይህን ማብሪያ ስትሞክሩ ስፒናውን ከፒክአፑ ንቀሉ፣ አለበለዚያ ኮንትሮለሩን ሊጎዳ ይችላል።

ኮንትሮለሩ ራሱ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው።

ስትጨርሱ ሜዳና ባዶ ቦታ ፈልጉ። በ30 ኪሎ ሜትር ሂዱና በእጅ መጫኛው ብቻ ያዙ። ጎማው ከተቆለፈ ኃይሉን ቀንሱ፣ ካልያዘ ጨምሩ። ሊቆለፍ ሲል የሚቆምበት ልኩ ነው። ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር እንደገና አስተካክሉት። ተጎታቹን ቁልቁለት ላይ ስታቆሙ ደግሞ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ።