የሳተላይት ሲግናል ነጸብራቅ ስህተትን ከሰከንድ ዳታ ውስጥ ለይቶ ማውጣት

ጎንደር ውስጥ የጂፒኤስ አንቴና ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ወይም ከድንጋይ ግንብ አጠገብ ሲተከል፣ በቀጥታ በሚመጣው ሲግናል ላይ ተንጸባርቆ የዘገየው ይደረብበታል። መልቲፓዝ የሚባለው ይኸው ነው። በፌዝ ልኬት (በሞገዱ ዑደት በሚለካው ርቀት) ላይ የሚያመጣው ስህተት ቢበዛ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ነው፤ ኤል1 ለሚባለው የጂፒኤስ ፍሪኩዌንሲ 4.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በኮድ ልኬት (ሲግናሉ በሚሸከመው ኮድ በሚለካው ርቀት) ላይ ግን ብዙ ሜትር ይደርሳል። የሕንፃ እንቅስቃሴ ለሚከታተል ሰው ፈተናው የፌዙ ስህተት ነው፤ ያልተነቃነቀውን ግንብ የተወዛወዘ ያስመስለዋል።

መጀመሪያ አንቴናውን ሳትነኩ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን በየ1 ሰከንዱ መዝግቡ። የ30 ሰከንድ ዳታ አይበቃም፤ 40 ሜትር ርቆ የቆመ ግድግዳ የሚፈጥረው ውዝዋዜ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተመላልሶ ሊያልቅ ይችላል። የከፍታ ማዕዘን (ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ ያለበት ማዕዘን) ገደቡን 0 ዲግሪ አድርጉ፤ ሪሲቨሩ (ሲግናሉን የሚቀበለው መሣሪያ) ኮዱን የሚያለሰልስበትን ቅንብርም አጥፉ፣ የምትፈልጉትን ነገር ይደብቅባችኋልና። ሦስቱም ቀናት ደረቅ ቢሆኑ ይመረጣል። በክረምት መሬቱ ሲርስ የነጸብራቁ ጥንካሬ ስለሚለወጥ ቀናቱ አይመሳሰሉም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሳተላይት ይህን አስሉ (ፒ1 በመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው የኮድ ልኬት፣ ኤል1 እና ኤል2 የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች የፌዝ ልኬቶች ናቸው)፦

ኤምፒ1 = ፒ1 − 4.0915 × ኤል1 + 3.0915 × ኤል2

ሁሉም በሜትር መሆን አለበት፤ ፌዙ በዑደት ከተመዘገበ ኤል1ን በ0.1903፣ ኤል2ን በ0.2442 አባዙ። ርቀቱ፣ የሰዓት ስህተቱና የአዮኖስፌሩ (ሲግናሉን የሚያዛባው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የአየር ንብርብር) ተጽዕኖ ዋና ክፍል ይጣፋሉ፤ የኮዱ ነጸብራቅና ጫጫታ ይቀራል። ሳይክል ስሊፕ (ሪሲቨሩ የዑደት ቆጠራውን የሳተበት ዝላይ) ባለበት ቦታ ሁሉ የኤምፒ1ን መስመር ቆርጣችሁ የእያንዳንዱን ቁራጭ አማካይ ቀንሱ፤ ካልቆረጣችሁ ስሊፑ እንደ ደረጃ ዘሎ ስሌቱን ያበላሻል። በደህና ቋሚ ጣቢያ ላይ የቀረው መዋዠቅ (አርኤምኤስ) ከ0.5 ሜትር በታች ነው።

ወሳኙ ፈተና ግን ድግግሞሹ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ ወደዚያው የሰማይ ቦታ የሚመለሱት ከ24 ሰዓት በአማካይ 245 ሰከንድ ያህል ቀደም ብለው ነው። የዛሬውን መስመር በትናንቱ ላይ ስታነብሩ ከ235 እስከ 255 ሰከንድ ባለው ሽግሽግ እየሞከራችሁ የሚገጥምበትን ፈልጉ። ከገጠመ ነጸብራቅ ነው። ጋሊሊዮ የሚደገመው በ10 ቀን፣ ግሎናስ በ8 ቀን ስለሆነ በ3 ቀን ዳታ አትፈትኗቸው።

በእኛ አካባቢ ይህን ፈተና መዝለል አደገኛ ነው። ጎንደር ለማግኔቲክ ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ ይታወክና ሲግናሉን ያርገበግበዋል። ይህ በሰከንዶች ውስጥ የሚለዋወጥ ፈጣን መንቀጥቀጥ ነው፤ በማግሥቱም 4 ደቂቃ ቀድሞ አይመለስም። ፋይሉ ላይ በጂፒኤስ ሰዓት 16:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

አንጸባራቂውን ለማግኘት የሲግናል ጥንካሬውን በከፍታ ማዕዘን ሳይን ላይ ሳሉት። ሁለት ተከታታይ ጫፎች በ10 እና በ15 ዲግሪ ላይ ቢታዩ የሳይናቸው ልዩነት 0.085 ነው፤ 0.1903ን በ0.085 ሁለት እጥፍ (በ0.17) ስታካፍሉ 1.1 ሜትር ይወጣል። ቆርቆሮው ከአንቴናው በታች በዚህ ርቀት ላይ አለ ማለት ነው። ጣሪያና መሬት የሚያንጸባርቁት ሳተላይቱ ባለበት አቅጣጫ ነው። ግድግዳ ግን ተቃራኒ ነው፤ ስህተቱ በደቡብ ሰማይ ከበዛ ጥፋተኛው ከአንቴናው በስተሰሜን የቆመው ግንብ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንቴናውን ማዛወር ካልተቻለ፣ የቀደሙት ቀናት የቦታ ውጤት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ባለው መስኮት ይለስልስ፣ ይሸጋሸግ፣ አማካዩ ከዛሬው ይቀነስ። ጣሪያው ከታደሰ ወይም የአንቴናው ቁመት ከተለወጠ ያ አማካይ አያገለግልም፤ ከአዲስ ምዝገባ ይሠራ።