በመንዝ ጓሳ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት

ወደ ሰሜን ሸዋው የጓሳ የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ያለው ቀይ ቀበሮው ላይ ነው፤ በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ በመሆናቸውም አይፈረድበትም። ሆኖም ቀበሮ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ ከመንከራተት ይልቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሚግጡበት ሜዳ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ እጅግ ይሻላል።

ስፍራው ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ የሚገኝ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ቀን በኅብረተሰቡ ሎጅ ዐርፎ አየሩን መላመድ ይገባል። የሌሊቱ ብርድ አጥንት ሰብሮ ስለሚገባ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። በክረምት ጭጋጉ ሜዳውን ስለሚሸፍነው ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት የበጋ ወራት ይመረጣሉ።

ጭላዳዎች የሚያድሩት በገደል ላይ ነው፤ ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ወደ አፋፉ መድረስ ያስፈልጋል። ወጥተው ፀሐይ ከሞቁና እርስ በርስ ጠጉራቸውን ካጸዳዱ በኋላ በመቀመጫቸው ቁጭ ብለው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሳሩን እየነጩ እጃቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ያስገባሉ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ፣ ወይም መንጋው ግጦሹን ትቶ ወደ እርስዎ ካፈጠጠ፣ በጣም ቀርበዋልና ፊትዎን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ምግብ ፈጽሞ አይወርውሩላቸው።

ቀበሮው የሚመጣው ወደዚሁ መንጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጓሳ ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ቀበሮው ግልገሎቻቸውን እምብዛም ስለማይነካ ጭላዳዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አይሸሹትም፤ እርሱም እንዳያስበረግጋቸው በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይራመዳል። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት የታደለ ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ካሜራውንም ድምፅ አጥፍቶ፣ በባይኖኩላር ይከታተል።

ይህ ሁሉ ሊኖር የቻለው የመንዝ ሰው የጓሳውን ሳር ለክዳንና ለገመድ እየተጠቀመበት፣ እንዲያገግም ደግሞ ለዓመታት እየዘጋ ስለጠበቀው ነው፤ ስለሆነም ከመንገድ ወጥቶ በመኪና ሳሩን መዳመጥ የባለቤቱን ንብረት ማጥፋት ነው። ውሻም ይዞ መሄድ አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚተላለፈው በዋናነት ከውሾች ነው።