ከጅማ አጋሮ ያለ ቁልፍ፦ በመኪና ቁልፍ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐሙስ ቀን ጅማ ሂርማታ ገበያ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ አይገኝም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሽንኩርት፣ ሙዝና አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ ኪሴ ባዶ። የረገጥኩትን ሁሉ ተመልሼ ረገጥኩ። ሽንኩርት የሸጡልኝን እናት ማዳበሪያቸውን ሳይቀር አስነሣኋቸው። "ልጄ፣ እዚህ ቢወድቅ ዝም እልሃለሁ?" አሉኝ። የለም።

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቁልፍ ምንም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትንም፣ ሌላው ሲሠራ ያየሁትንም እነሆ።

አንድ ቁልፍ ይበቃል ማለት

ያገለገለች ቪትዝ ስገዛ የተሰጠኝ ቁልፍ አንድ ነበር። ሻጩ "ሁለተኛው ቤት ነው፣ ነገ አመጣልሃለሁ" አለኝ። ይኸው አራት ዓመቱ፣ አሁንም እያመጣልኝ ነው። እኔም ችላ አልኩት። ከስህተቶቹ ሁሉ ኪስ የሚያራግፈው ይሄ ነው።

የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ካለ ሌላ መጨመር ቀላል ነው። ባለሙያው ማሽኑን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ይሰካል። ነባሩን ቁልፍ ለመኪናዋ ያሳያታል፣ አዲሱን ያስተዋውቃታል፣ አለቀ። ሁሉም ከጠፋ ግን መኪናዋ የምታምነው የለም። ያኔ የተመዘገቡትን ቁልፎች ከነአካቴው ማጥፋት፣ አንዳንዴም የመኪናዋን ኮምፒውተር ሳጥን ፈትቶ ማውጣት ይመጣል። ወይ ባለሙያው ይመጣል፣ ወይ መኪናዋ ተጭና ትሄዳለች። እኔ ያገኘሁት ሰው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። መጓጓዣውን ከፈልኩ፣ አልጋውን ከፈልኩ፣ ምሳና እራቱንም ከፈልኩ። ሥራው ራሱ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

አዲስ መኪና የምትገዙ ደግሞ፣ ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ብትመጣ አትጣሏት። ዋናው ቁልፍ ባይኖርም በዚያ ቁጥር ብረቱን መቅረጽ ይቻላል። ለዚህም ነው ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ መዞር የማይገባው፤ ያገኘው ሌባም ያስቀርጽበታል። ከሊብሬው ኮፒ ጋር ቤት ትቀመጥ።

ብረቱን ቁልፍ ማድረግ

መጀመሪያ የጠራሁት የሰፈር ቁልፍ ቀራጭ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። የበሩን የቁልፍ ጋን አይቶ፣ ሞርዶ፣ ሞክሮ፣ እንደገና ሞርዶ በሩን ከፈተው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ገብቼ አዞርኩት። ሞተሩ ያጓራል፣ አይነሣም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትጠቅሰኛለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ቺፕ አለው" አለኝ። "የኔ ሥራ እስከ ብረቱ ነው።"

ቺፑ ያለው ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ከሩዝ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፣ ባትሪም የለውም። ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ ኃይል ይሰጠዋል። እሱም መለያውን ይናገራል። ኮምፒውተሩ ካላወቀው ሞተሩ እንዲነሣ አይፈቅድም። በአውሮፓ ከ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ይህ መከላከያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤቶች ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም። የእናንተን ቁልፍ እንኳን ቀራጭ፣ የጎረቤት ቁልፍም ይተካዋል እየተባለ ይቀለዳል።

"ይመሳሰላል" ብሎ ሪሞት መግዛት

አንድ ጓደኛዬ ከኢንተርኔት ገበያ ያገለገለ ስማርት ቁልፍ፣ ማለትም ከኪስ ሳይወጣ መኪና የሚያስነሣውን፣ ገዛ። አርማው ያው፣ በተኖቹ ያው፣ ቅርጹ ያው። ሲሞከር ዝም። ነገሩ ውስጡ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሪሞት በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ድግግሞሽ ይሠራል፣ የአውሮፓዎቹ ደግሞ በ433። ሁለቱ አይሰማሙም። ድግግሞሹ ቢገጥም እንኳ ብዙ ያገለገሉ ስማርት ቁልፎች ከመጀመሪያ መኪናቸው ጋር ተቆልፈው ይቀራሉ። እንደ አዲስ ሳይከፈቱ ሌላ መኪና አይቀበሉም። ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላው የተጻፈውን ቁጥር ለሚሠራላችሁ ሰው አንብቡለት። የሻንሲ ቁጥርም ጨምሩ።

ባትሪ ሲያልቅ ቁልፍ ተበላሸ ማለት

ባልደረባዬ ዝናብ ላይ ቆማ በተን ትጫናለች። መኪናዋ ዝም። "አበላሽተውብኛል፣ ጋራዥ ጥሩልኝ" ትላለች። ቁልፉን ተቀብያት ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ አደረግሁና ከውስጥ የብረቱን ቁልፍ መዘዝኩት። አራት ዓመት ስትይዘው እዚያ ውስጥ መኖሩን አታውቅም ነበር። በሩን ከፈትን። አላርሙ ጮኸ፤ በብረት ሲከፈት አንዳንዶቹ ይጮኻሉ፣ አትደንግጡ። ከዚያ ፍሬን ረግጣ የቁልፉን ጀርባ ስታርት በተኑ ላይ አስጠጋች። ጢጥ አለ። ተጫነችው፣ ተነሣ። ባትሪው ቢሞትም ያቺ ያለ ባትሪ የምትሠራው ቺፕ አለች። ብዙ ቶዮታዎች ላይ እንዲህ ነው። ሌሎች ላይ ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ ኩባያ ማስቀመጫው አጠገብ ወይም የእጅ መደገፊያው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የመኪናውን መመሪያ አንዴ ማየት ነው።

ባትሪው በብዛት ሲአር 2032 የሚባለው ነው፣ እንደ ሳንቲም ክብ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 3.2 ውፍረት። አሮጌውን ግን ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ጉሮሮ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ቀልድ አታድርጉት።

ስለ ዝናብ ካነሣን፣ ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ቁልፍ የሚረጥበው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ከፍታችሁ ባትሪውን አውጡ፣ ጥረጉት፣ በጥላ ይድረቅ። ምድጃ ዳር ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ቁልፉን አላዳነውም።

የጠፋውን ረስቶ አዲሱን ብቻ ማስመዝገብ

የኔ ቁልፍ ሂርማታ ወድቆ አንድ ሰው አንሥቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ ቁልፍ ማስመዝገቤ ብቻውን የድሮውን አያጠፋውም። ስለዚህ ባለሙያውን "የነበሩት ሁሉ ይሰረዙ" በሉት። የተሰረዘው ቁልፍ ሞተር አያስነሣም። ብረቱ ግን በር ይከፍታል፣ ዕቃ አትተዉ። ሊብሬና መታወቂያ ቢጠይቃችሁ ደግሞ አትቀየሙት። እኔ የምጠረጥረው የማይጠይቀውን ነው።

ስልክን ብቻ ማመን

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አንዳንዶቹ በስልክ ይከፈታሉ። ስልክ ደግሞ ይዘጋል። አብራ የመጣችውን ካርድ ቦርሳ ውስጥ ያዙ፤ በአንዳንዶቹ ስፖኪዮው ላይ ስታስጠጓት ትከፍታለች። መኪናው ውስጥ የተቀመጠች ካርድ ዋጋ የላትም።

ቁልፉ የት እንዳለ ሳያዩ መሄድ

ይሄኛው የጎረቤቴ ነው፣ ፈቅዶልኛል። ባለ ስታርት በተን መኪና አለው። አንድ ጠዋት ሚስቱ ሞተር አስነሥታ ወደ ጎን ወንበር ተዛወረች፣ እሱ መሪውን ያዘ። ቁልፉ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ገበያ አወረዳትና ወደ አጋሮ ቀጠለ። መኪናዋ ጮኻ ነበር። እሱ የቀበቶ መስሎት ቀበቶውን አጠበቀ።

ቁልፉ ቢርቅም የሚሄድ ሞተር አይጠፋም። መንገድ ላይ ቢጠፋ አደጋ ነውና ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ስለዚህ ሰውዬው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰላም ነዳ። አጋሮ ደርሶ ቡና ሊጠጣ ሞተር አጠፋ። ጠጥቶ ተመለሰ። "ቁልፍ አልተገኘም" ትላለች መኪናዋ።

ደወለ። "ውይ፣ እኔ ጋ ነው እኮ" አለችው።

ቁልፉ አጋሮ የገባው ከሰዓት በኋላ፣ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ፣ በሚኒባስ ረዳት እጅ ነው። ረዳቱም የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለው።