በሰው ሕዋስ የሥነ ጥበብ ሥራ እንዴት ይጀመራል?
በሰው ሕዋስ የሚሠራ ሠዓሊ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጨነቅበት የሚገባው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ልጅ ከዘረመሉ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ስለሚወርስ፣ ከአንድ ሰው ጉንጭ የተወሰደ ሕዋስ ስለ ወላጆቹና ስለ ወንድም እህቶቹም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከታካሚዋ ከሄንሪዬታ ላክስ ሳታውቅ የተወሰዱት የካንሰር ሕዋሳት ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይባዛሉ፤ በ2013 የዘረመላቸው ቅደም ተከተል ቤተሰቧ ሳይጠየቅ ሲታተም ደግሞ የልጆቿና የልጅ ልጆቿ ምስጢር አብሮ አደባባይ ወጣ። ስለዚህ ሕዋሱ ለምን እንደሚውል፣ የት እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚወገድና ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይስማሙ፤ የቅርብ ዘመዶችንም ያማክሩ።

ለጀማሪ የሚሻለው ዲኤንኤን፣ ማለትም ዘረመል የተሠራበትን ሞለኪውል፣ ለዓይን እንዲታይ አድርጎ ማውጣት ነው። ሰጪው ጥቂት ጨው በሟሟበት ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ተጉመጥምጦ በጠባብ ብርጭቆ ይትፋው። የሕዋሱን ሽፋን የሚያፈርሰውን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው፣ አረፋ ሳያስነሡ በቀስታ ያዋሕዱት። ከዚያ ብርጭቆውን አዘንብለው፣ በጣም የቀዘቀዘ ጠንካራ አልኮል በግድግዳው በኩል ቀስ እያሉ ያንቆርቁሩ፤ አልኮሉ ከላይ ይንሳፈፋል። ዲኤንኤ በአልኮል ስለማይሟሟ፣ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ፣ ንፍጥ መሰል ክር ብቅ ይላል። በቀጭን እንጨት ጠቅልለው አልኮል ወዳለበት ብልቃጥ ያዛውሩት፤ አልኮሉን ከእሳት ያርቁ። ክሩ ፕሮቲንም ስለሚቀላቀልበት ንጹሕ ዲኤንኤ ነው ብለው ለተመልካች አያቅርቡት። የእናትና የልጅ ክር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ዓይን የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፤ በእኔ እምነት የሥራው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ተመልካቹ ውርስን በፊት መልክ መፈለጉን ትቶ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃልና።

ሕያው ሕዋስ ማሳደግ ግን በቤት የሚሞከር አይደለም። 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከጀርም የጸዳ የሥራ ቦታና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ በ2000 በዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሥነ ጥበብና የሥነ ሕይወት ማዕከል ሲምባዮቲካም ሠዓሊያንን ከሳይንቲስቶች ጎን ያሠራ የነበረው በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በዚያም ቢሆን የራስዎን ሕዋስ ራስዎ አያሳድጉ፤ የተለወጠ ሕዋስ በመርፌ ውጊያ ተመልሶ ቢገባ ሰውነትዎ እንደ ባዕድ ላይከላከለው ይችላል። ለዕይታ የሚቀርበው ሕዋስ ሕዋስን ገድሎ ቅርጹን በሚያቆየው ኬሚካል፣ በፎርማሊን፣ ተጠብቆ ይቅረብ፤ ሕያው የቀረውን ቤተ ሙከራው ያስወግደው። በብልቃጡ ላይ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር ይለጥፉ፤ ዕይታው ሲያበቃም ሰጪው እንዲመለስለት ከፈለገ ይመልሱለት።